የሸክላ ሠሪው የተጣራ ገቢ እንዴት ይሰላል?
የተጣራ ገቢ ማለት ባለሙያው ምርቱን ሸጦ ወይም ሙያውን አስተምሮ ከሰበሰበው ጠቅላላ ገንዘብ ውስጥ የእርሱ ያልሆነው፣ ይኸውም ለመንግሥት የሚገባው ታክስ፣ ለደንበኛ የተመለሰው ክፍያና የተደረገው ቅናሽ ተነሥቶ የሚቀረው ሲሆን፣ ከዚህ ላይ የሥራው ወጪ ሲቀነስ ደግሞ ትርፍ ይገኛል። ሁለቱ በአንድ ኪስ ሲደባለቁ ኑሮውን በእጁ ጥበብ የሚመራ ሰው ሥራው ያበላው ወይም ያከሰረው መሆኑን ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበች አንዲት ሸክላ ሠሪ ታክሱን ጨምሮ በነፍስ ወከፍ 1,150 ብር እያስከፈለች ለስምንት ሰዎች የአንድ ቀን ሥልጠና አዘጋጀች፣ አንዱ ግን ቀርቶ ገንዘቡ ተመለሰለት እንበል። የተሰበሰበው 8,050 ብር ሲሆን፣ ታክሱ የሚታሰበው ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ስለሆነ 8,050 ለ1.15 ተካፍሎ 7,000 ብር የተጣራ ገቢ ይሆናል፤ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ከ8,050 ላይ በቀጥታ 15 በመቶ መቀነስ የራስን ገንዘብ ሳያውቁ ማሳነስ ነው። ከ7,000 ላይ ሠልጣኞችን ላገናኘው ደላላ 700፣ ለጭቃ 400፣ ለስምንት ሰው ለተሰናዳው ምሳ 1,200፣ ለማገዶ 900፣ ለቤት ኪራይ 800 ብር ሲወጣ 3,000 ብር ይቀራል። የቀረው ሠልጣኝ ጭቃ ተነክሮ ለሌላ ቀን ሊውል ይችላል፤ ምሳውና ቦታው ግን ባክነዋል።

ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሥልጠናው አራት ሰዓት ቢፈጅም በዋዜማው ጭቃ ለማቡካት ሦስት፣ የደረቁትን ዕቃዎች ለመተኮስ አራት፣ ለማጽዳት አንድ ሰዓት ስለሚጠይቅ፣ በሰዓት 750 ብር የሚመስለው ዋጋ በእውነቱ 250 ብር ነው። ሳይታይ የሚያልፈውን ይህን ድካም ከሒሳብ ማውጣት በሙያው ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ ሠሪዋም ለሌላ ሰው ብትቀጠር በነጻ የማትሠራውን ለራሷ በነጻ ልትሠራ አይገባም።

ለሽያጭ የሚሠራው ጀበናም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። በሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር በቀጨኔ እንደሚታወቀው በእሳት ላይ የሚሰነጠቅ አይጠፋምና፣ 3,400 ብር የወጣባቸው 20 ጀበናዎች ተተኩሰው ሦስቱ ቢሰነጠቁ የአንዱ ወጪ 170 ሳይሆን፣ ለ17ቱ ተካፍሎ 200 ብር ነው፤ በ190 ብር የሚሸጥ ሰው እያተረፈ የሚመስለው ስባሪውን ስላልቆጠረ ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ የምርቱ ብዛት ሲለዋወጥ አብሮ የማይለዋወጥ፣ ቋሚ ወጪ የሚባል አለ። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅዉድ እ.ኤ.አ. በ1772 የብድር ቀውስ ገበያውን ሲያቀዘቅዝበት መዝገቦቹን መርምሮ የቅርጽ ማውጫ፣ የኪራይና የጸሐፊዎች ደመወዝ ወጪ ጥቂትም ብዙም ቢመረት እምብዛም እንደማይለወጥ፣ ስለዚህም ከአንድ ቅርጽ በብዛት መሥራት የእያንዳንዱን ዕቃ ወጪ እንደሚያሳንስ ተረዳ። የሥልጠናዋ ባለቤትም ከላይ ያለውን ሒሳብ በአራት ሰው ብትሠራው ኪራዩና ማገዶው እንዳሉ ሆነው ገቢው ወደ 4,000 ብር ስለሚወርድ፣ ሥልጠናውን ለመክፈት የሚያስፈልጋትን ዝቅተኛ የሰው ቁጥር አስቀድማ መወሰን ትችላለች።