ግሪን ካርድ እያለ ቪዛ ለምን?

ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው የዓለም በር ሁሉ የተከፈተለት የሚመስለው ብዙ ነው። በትምህርት ክፍላችን እንኳ ጉዳዩ ሲነሳ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

በመሠረቱ ግሪን ካርድ አሜሪካ ውስጥ የመኖር፣ የመሥራትና ወጥቶ የመመለስ መብት ነው፤ ዜግነት ግን አይደለም። ካርዱን የያዘ ኢትዮጵያዊ ከአሜሪካ ሲወጣ የሚጓዘው በዚያው በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ነው። ካርዱን ከቁም ነገር መቁጠር አለመቁጠሩ ደግሞ የሚሄድበት አገር ፈንታ ነው።

ሜሪላንድ የምትኖረውን አክስቴን እንውሰድ። ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ስትሄድ ቪዛ የሚላት የለም። ፓስፖርቷንና ግሪን ካርዷን ማሳየት ይበቃል፤ በኢንተርኔት የሚሞላው የጉዞ ፈቃድም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ቀርቶላቸዋል። ሜክሲኮም ለጉብኝት ቪዛ አትጠይቃቸውም።

አብሮ አደጓ ሮም ላይ ልጇን ስትድር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በሼንገን አገሮች ዘንድ ግሪን ካርድ የቪዛ ምትክ አይሆንም። እርግጥ ጥቅም አያጣም። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሳትመጣ እዚያው በምትኖርበት አገር ታመለክታለች። ሁለተኛ፣ በፍራንክፈርት በኩል ወደ እኛ ስትመጣ ከኤርፖርቱ እስካልወጣች ድረስ ኢትዮጵያውያን የሚጠየቁት የትራንዚት ቪዛ አይመለከታትም። ለሠርጉ ግን እንደማንኛችንም 90 ዩሮ መክፈል፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን መግዛት፣ የገንዘብና የማረፊያ ማስረጃ ማቅረብ ግድ ነው። ያውም ለአንድ ሳምንት!

«ታዲያ ለምን አሜሪካዊት አትሆንም?» የሚል አይጠፋም። ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባል እንጂ መምረጥና መመረጥን አይመልስም። አክስቴን ብጠይቃት፣ «አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ሠርግ ብዬ ዜግነቴን ልስጥ?» አለችኝ። እኔ ግን ለሠርግ ብቻ ሳይሆን ድንገት ለሚመጣ ለቅሶም አስቤላት ነበር፤ ለቅሶ የቪዛ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ለማንኛውም፣ እንደ እሷ የሚወስን ሰው ከቲኬት በፊት ፓስፖርቱን ይግለጥ። ከሼንገን ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ መግባት ይችላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ነው። አክስቴ አራት ወር ሲቀራት ጀመረች።