አሮጌውን ኮምፒውተር አትጣሉት፤ አዲስ ነገር ግን አትጻፉበት

ሲ.ኤም.ሲ ሚካኤል አካባቢ ኮምፒውተር ለሚጠግን ሰው ቶሎ ቶሎ የሚቀርብለት ጥያቄ የቫይረስ አይደለም። «ልጄ፣ ያቺን የድሮዋን ፓወር ግዕዝ በዚህ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ጫንልኝ» ነው። የሚጠይቁኝ የጽሕፈት ሥራ ቤት ያላቸው እትዬዎች፣ የእድር ጸሐፊዎች፣ የሰበካ ጉባኤ አባቶች ናቸው። የሙያ ጓደኞቼ ይስቁባቸዋል። እኔ አልስቅም፣ ምክንያት አላቸውና። ሆኖም ዝም ብዬም አልጭንላቸውም።

እነ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ብራና የሚባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በተሠሩበት ዘመን አንድ ፎንት ከ256 የሚበልጥ ቦታ አልነበረውም፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለማሽኑ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ናቸው። እነ ሏን፣ ቧን፣ ኳን፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና ነጥቦቹን ስትጨምሩበት ሞልቶ ይፈሳል። ባለሙያዎቹ ታዲያ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት አከፋፈሉት። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ፎንቱ የ«ሀ»ን መልክ ያለብሰዋል። በዚያ ጊዜ ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም፤ እነዚያ ሰዎች ባይደክሙ ኖሮ ቢሮዎቻችን ከታይፕ መኪና ለመላቀቅ ብዙ ዓመት በጠበቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ለየፊደሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ 3.0 እትሙ ሲወጣ ፊደላችን የራሱን ቁጥር አገኘ። ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» የትም ብትሄድ «ሀ» ናት፤ ስልክ ላይም፣ ቴሌግራም ላይም። በኋላ የወጡት የፓወር ግዕዝ እትሞች ራሳቸው በዩኒኮድ ይጽፋሉ።

የቀድሞው ሰነድ ግን አብሮ አልተሻገረም። በ1990ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የተተየበ የእድር መተዳደሪያ ደንብ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። እድሩ ብቻ አይደለም። ከቆዩት የነጋሪት ጋዜጣ ፒ.ዲ.ኤፎች አንዱን ክፈቱና አንድ አንቀጽ ቀድታችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉት። ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ የነበረው የማይነበብ ይሆናል። አዋጁ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ በአማርኛ ቃል ፈልጎ የሚያገኘው ግን የለም።

ስለዚህ አሮጌውን ማሽን ጠብቁት እላለሁ። የቀድሞውን ሰነድ በትክክለኛ መልኩ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ከኢንተርኔት ግን ንቀሉት፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 በ2020 መጠገኛ መላክ አቁሟል። ፋይሎቹን ከነፎንቶቹ በሌላ ዲስክ ገልብጡ። ከዚያ በላይ አትድከሙበት። የድሮው ፕሮግራም ኮድ በእጃችን የለም፤ አንድ ሳምንት ታግላችሁ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ብታስነሱት ድካማችሁ ለዚያች ላፕቶፕ ብቻ ነው።

«እጄ የለመደው እሱን ነው» ለሚሉኝ እትዬዎች ዩኒኮድን መስበክ ዋጋ የለውም። ስክሪን ሳያዩ የሚተይቡ ጣቶች አሏቸው፤ የቁልፎቹ ቦታ ሲቀየር ገጽ እየቆጠሩ የሚያገኙት ገንዘብ ይቀንሳል። እነሱ የሚፈልጉት ፕሮግራሙን ሳይሆን የቁልፍ አቀማመጡን ነው። ይህ ደግሞ ሊሻገር ይችላል። ኪይማን የሚባለው የመተየቢያ ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉም ተከፍቷል፤ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚሰጥ የሚወስነው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፕሮግራመር ያልሆነ ሰው እንኳ በትዕግሥት ሊጽፈው ይችላል። ጣቱ የድሮውን ይመታል፣ የሚወጣው ዩኒኮድ ነው። አንዴ በደንብ ከተሠራ ጎንደር ያለች ጸሐፊም ትጠቀምበታለች።

ለሰነዶቹም መንገድ አለ። ዳንኤል ያዕቆብ ለዓመታት የደከመበት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በድሮ ፎንቶች የተጻፈ የወርድ ሰነድን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ክፍት መሣሪያ አለው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ኮድ ከሚጽፍ ሰው እኩል፣ የቀድሞውን ሰነድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ደንቡ ላይ «ቋሚ አባል» መሆኑን የሚያውቀው የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ ለዋጩ «ቀሚ» ብሎ ቢያወጣው ፕሮግራመሩ ከየት ያውቃል? የእኛ ሰው በነፃ ሶፍትዌር መሳተፍ የፕሮግራመር ሥራ ብቻ ይመስለዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም።

አሮጌ ሰነድ ያላችሁ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ቅጂ አውጡ። በቅጂው ላይ ለዋጩን ሞክሩና ከታተመው ወረቀት ጋር ቃል በቃል አስተያዩ። የተበላሸ ፊደል ካገኛችሁ የፎንቱን ስም፣ ያንን አንድ መስመር የያዘ ትንሽ ፋይልና መውጣት የነበረበትን ፊደል በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ አሰባስቤ ለሠሪዎቹ በእንግሊዝኛ እጽፍላቸዋለሁ። የአባላት ስምና ስልክ ያለበትን ዝርዝር ግን እንዳትልኩ፤ ከደንቡ አንድ አንቀጽ ይበቃል።