ለደብረ ታቦር ጥበብ የሚከፍለው ማን ነው?

«የኪነ ጥበብ ድጋፍ» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ወደ ብሔራዊ ቴአትር፣ ወደ ሙዚየም፣ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ ወደ ስፖንሰር። በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ግን ጥበብን ከሁሉ በፊት የደገፈው ነዋሪው ነው፤ ዛሬም ትልቁን ሸክም የያዘው እሱ ነው። ለጥበብ የሚወጣው እህልና ገንዘብ በዚህ አገር ከየት ይመጣል? ለማን ይደርሳል? ማንንስ ሳይደርሰው ያልፋል? እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማል፤ መልሱን ያላወቀ ሰው መጠየቅ ያለበትን አይጠይቅምና።

ከቀላሉ እንጀምር። የደብረ ታቦር በዓል፣ በተለምዶ ቡሄ የምንለው፣ ነሐሴ 13 ይውላል። ልጆች አስቀድመው ጅራፍ ገምደው ያጮሃሉ። በዓሉ ሲደርስ ዱላቸውን ይዘው በየደጁ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ። አውራጁ ያወርዳል፣ የቀሩት መሬቱን በዱላ እየመቱ ይቀበላሉ፤ የቤቱ አባወራ በስሙ ይሞገሳል፤ እማወራዋ ሙልሙል ይዛ ትወጣለች፤ ልጆቹ መርቀው ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ። ማመልከቻ የጻፈ የለም፣ በጀት ያጸደቀም የለም። ሆኖም ተጫዋች አለ፣ ተመልካች አለ፣ ክፍያም አለ። ሌላው ዓለም ባለሙያ ቀጥሮ «የማኅበረሰብ ኪነ ጥበብ ፕሮግራም» እያለ የሚያዘጋጀውን እዚህ ልጆች ራሳቸው ያዘጋጁታል።

ትልቁ ጉዳይ ግን አቋቋም ነው። በሊቃውንት ዘንድ የደብረ ታቦር ስም ሲነሣ አብሮ የሚነሣው የተክሌ አቋቋም ነው። አቋቋም የቅዱስ ያሬድን ዜማ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ፣ በሥርዓት በተቀመረ የአካል እንቅስቃሴ ማቅረብ ነው። የተክሌን ስልት የጀመሩት አለቃ ገብረ ሐና እንደሆኑ ይተረካል። ፎገራ ውስጥ በናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱ፣ መላው አገር በቀልዳቸው የሚያውቃቸው ሊቅ ናቸው። ቀልዳቸው በሁሉ አፍ ሲኖር ሊቅነታቸው መረሳቱ ያሳዝናል። በትውፊቱ መሠረት በጣና ዳር ሸንበቆው በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አይተው ዝማሜውን ቀመሩ። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት አንቀበልም ሲሉ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አጸኑት።

ማሕሌት ቆሞ ያደረ ሰው እርከኑን ያውቀዋል። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ትይዩ ይቆማሉ። መጀመሪያ ቁም ዜማው ብቻውን ይባላል። ቀጥሎ ዝማሜ ነው፤ መቋሚያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይላል፣ ትከሻና አንገት ይከተሉታል፣ ሁሉም እንደ አንድ ሰው ይዘማል። ከዚያ መረግድ ይመጣል፤ ከበሮው በዝግታ ይጀምራል፣ ጸናጽሉ ይቀበለዋል። በጽፋት ከበሮው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይደምቃል። በዝማሜ ላይ አንድ መቋሚያ ተሳስቶ ወደ ሌላ ቢዞር ጠቅላላው ረድፍ ያውቀዋል። ይህ በወርክሾፕ የሚገኝ ችሎታ አይደለም፤ ከመምህር እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ የሚገኝ ነው።

ደቡብ ጎንደር ደግሞ የአቋቋም አገር ብቻ አይደለም። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ድጓን የዘለቀ ተማሪ ከሩቅ አገር ሳይቀር ለመመስከር ይመጣባታል። ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። በዘመናዊው አነጋገር ብንወስደው፣ የአገሪቱ የከፍተኛ ዜማ ትምህርት ተቋማት በእነዚህ ተራሮች ላይ ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ማን ይመግባቸዋል? የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየመንደሩ ይዞራል። ውሻ ይነክሰዋል፣ ብርድ ይመታዋል፤ የጉና ተራራ ንፋስ ለደበሎ አይመለስም። ገበሬው ከዕለት ምግቡ ቁራሽ እንጀራ፣ ጭብጥ ቆሎ ያካፍለዋል። ተማሪው ወደ ጎጆው ይመለሳል፣ ያገኘውን ከባልንጀሮቹ ጋር ይበላል፣ ከዚያ የየኔታ ፊት ይቀርባል። ጎጆውን የሚሠራውም ራሱ ነው።

የየኔታ ኑሮ ድሮ በመሬት ላይ የቆመ ነበር። ነገሥታቱና መሳፍንቱ ለደብሩ መሬት ይሰጣሉ፣ ካህኑ፣ ደብተራውና መምህሩ በአገልግሎታቸው ልክ ከመሬቱ ይበላሉ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አፈረሰው። አዋጁ ለጭሰኛው ነፃነት ነበር፤ ማንም ወደ ኋላ ይመለስ አይልም። ለአብነት ትምህርት ቤቱ ግን የቀረለት በዋናነት የምእመኑ እጅ ነው። ገበሬው ያመረተ ዓመት ጥበቡ ይጠግባል፣ ድርቅ የመታው ዓመት ተማሪው ይበተናል።

የመንግሥት ገንዘብስ? በሕገ መንግሥቱ ግዴታው ተጽፏል። አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመጠበቅና ለኪነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል፤ አንቀጽ 91 ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን የማስፋፋት ግዴታ ይጥልበታል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም አለ። ከፌዴራል ሚኒስቴር ጀምሮ በክልል ቢሮ፣ በዞን መምሪያ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደረጃ ባህልን የሚመለከት ወንበር አለ።

ገንዘቡ ወደ ወረዳ የሚወርደው በጥቅል በጀት ነው። ክልሉ ይመድባል፣ የወረዳው ምክር ቤት ለየዘርፉ ያከፋፍላል። ከጥቅሉ አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ የመምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ሠራተኛ። የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ጥቂት ስለሆነ ባህል ከወረፋው ጫፍ ይቆማል። ለባህል የተገኘችውም ብር በቀላሉ የምትወጣው ለሚታይ ነገር ነው፤ ለመድረክ፣ ለባነር፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለእንግዳ አበል። ለምሳሌ በደብረ ታቦር ጥር 25 የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል በፈረስ ጉግስ ይደምቃል። በዓሉ መደገፉ ተገቢ ነው። ፈረሱን ከጥር እስከ ጥር የሚቀልበው፣ ኮርቻውን የሚያስጠግነው፣ ልጁን ግልቢያ የሚያስተምረው ገበሬ ግን በየትኛውም የወጪ ርዕስ ውስጥ የለም።

መንግሥት ለባለሙያው ደመወዝ የሚከፍልበት አሠራርም አለ። ባሕር ዳር ያለው ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ለዚህ ምሳሌ ነው። ሥሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በደርግ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ጊሽ ዓባይ የማይረሱ ናቸው። ብዙ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች ከኪነት ወጥተዋል። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ ከፋዩ መንግሥት ብቻ ሲሆን ግጥሙም የመንግሥትን ቃል መያዝ ነበረበት። የሕዝብ ገንዘብ ለጥበብ ሲወጣ ይህን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ከአንድ በላይ መሆን አለበት።

በራሱ ገቢ የቆመም አለ። በፎገራ የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በ1964 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ሽመናን ዋና መተዳደሪያው አድርጎ ኖሯል፤ ጋቢውንና ፎጣውን የሚገዛው ጎብኚ ጭምር ነው። ጎብኚ ላይ የተደገፈ ጥበብ ግን መንገድ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፤ ያለፉት የግጭት ዓመታት ይህን በሚገባ አሳይተዋል።

ወደ ሙዚየም ስንመጣ ደብረ ታቦር ከባድ ታሪክ አላት። ከከተማዋ ጥቂት ራቅ ብላ ባለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። መድፉ በሰው ጉልበት ተራራና ገደል እያለፈ፣ ለወራት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የብራና መጻሕፍቱን፣ አክሊሉን፣ ጽዋውን፣ ታቦታቱን ጭኖ ሄደ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ንጉሡ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው ነበሩ። ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። የመጨረሻው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ልዩ ዐውደ ርእይ ከፍቶ ነበር። የሎንዶን ተማሪ በእግሩ ሄዶ የሚያየውን የደብረ ታቦር ተማሪ በሥዕል እንኳ የሚያይበት ዕድል ጥቂት ነው። ይመለሱ ብለን መጠየቃችን ትክክል ነው፤ አናቁም። ሆኖም የተዘረፈ ጽዋ በባዕድ አገርም ቢሆን ሳይጠፋ ይቆያል፤ ተተኪ ሳያፈራ ያረፈ የአቋቋም መምህር ግን የሚመለስበት መንገድ የለም። ገንዘብ ሲያንስ ቅድሚያውን የሚወስነው ይህ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ፈታው? ሃዋይን እንይ። የራሷ ንጉሥ የነበራት፣ በኋላ በአሜሪካ የተጠቀለለች የደሴቶች አገር ናት። ሁላ የተባለው ባህላዊ ውዝዋዜዋ በሚሲዮናውያን ግፊት በአደባባይ የተከለከለበት ዘመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1874 እስከ 1891 የነገሡት ንጉሥ ካላካዋ መልሰው አከበሩት። ዛሬ በሂሎ ከተማ በየዓመቱ በእሳቸው መታሰቢያ ትልቅ የሁላ ውድድር ይካሄዳል። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1965 የባህልና የኪነ ጥበብ ተቋም አቋቋመች፤ በ1967 ደግሞ መንግሥት ሕንፃ ሲሠራ ከግንባታው ወጪ 1 በመቶው ለሥነ ጥበብ ሥራ እንዲውል ያወጀች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ሆነች። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሌላው አሠራራቸው ነው፤ የባህል ሙያ መምህር ከደቀ መዝሙሩ ጋር ሆኖ ሲያስተምር የሕዝብ ገንዘብ ይደግፈዋል። ጃፓንም የከበረ ሙያ ለያዘ ሰው ተተኪ እንዲያሠለጥንበት በዓመት 2 ሚሊዮን የን ትሰጣለች።

በእኛ አገር አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ የሕዝብ ገንዘብ እንዴት ለአብነት ትምህርት ቤት ይወጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ድጋፉ ለሙያው እንጂ ለእምነቱ አይሁን የሚል ነው። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ቅርሶችን ለመጠበቅ የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀብላለች፤ ጥምቀትም በ2019 በዓለም መዝገብ ሰፍሯል። ዝማሜውን ቅርስ ብለን ለዓለም ካቀረብን፣ ዝማሜውን የሚያውቀውን ሰው የቅርስ ጠባቂ ብለን መቀለብ አይከብድም። በዚያው ሚዛን መንዙማ አዋቂውም፣ ማሲንቆ መቺው አዝማሪም፣ ሸማኔውም፣ ሸክላ ሠሪዋም መታየት አለባቸው። ሸክላ ሠሪዋ በተለይ፤ ሙያዋ ሲያሰድባት የኖረች ናትና።

በጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የወረዳ ዕቅድ ከዚያ በፊት ይረቀቃል፣ ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። የደቡብ ጎንደር ሰው በዚያ ስብሰባ ላይ ስለ መንገድና ስለ ማዳበሪያ ሲጠይቅ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ በወረዳችን ተተኪ ያላፈሩ የሙያ አዋቂዎች እነማን ናቸው፣ ዘንድሮስ ከባህል በጀቱ ስንቱ ለእነሱና ለተማሪዎቻቸው ተመደበ? መልስ ከሌለ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዚያው ላይ ይጠየቅ።