ከረዳትነት ወደ መሪ፦ ስለ አየር ፍሬን ፈተና

በመርካቶ ቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጎሕ ሳይቀድ ሁለት ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ የቅዳሴው ዜማ ሲሆን ሌላው የጭነት መኪኖቹ «ጵሽሽ» የሚል ትንፋሽ ነው። ትንፋሹ ከፍሬን የሚወጣ አየር ነው። ብዙዎቻችን ዕድሜ ልካችንን እየሰማነው ምንነቱን ጠይቀን አናውቅም። ጎማ ሥር ታኮ የሚያኖረውና ዕቃ የሚያወርደው ረዳት ግን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ነገ ከባድ መኪና ልንዳ ብሎ ለፈተና ሲቀርብ የሰው ነፍስ የሚያድረው በዚህ አየር ላይ ነውና።

ጉዳዩን ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት ያቀረብነው በሁለት ምክንያት ነው። ከረዳትነት ወደ አሽከርካሪነት ለመሻገር የሚደክሙት ወጣቶች የአጥቢያችን ልጆች ናቸው፤ ለመንፈሳዊ ጉዞ አውቶቡስ የምንከራየውም እኛው ነን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሞተሩ ኃይል የሚሠራ ኮምፕሬሰር አየር እያመቀ ታንኮችን ይሞላል፤ ግፊቱ እንደ መኪናው ዓይነት 8 ባር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስ መሙላቱ ይቆማል። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ የሚያዝዘው አየሩን ነው፤ አየሩ በቧንቧ ተጉዞ የፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ ጉዞ ግማሽ ሰኮንድ ያህል ይወስዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚበር መኪና ግማሽ ሰኮንድ ማለት ፍሬኑ ሳይዝ የሚታለፍ 11 ሜትር ነው።

ተፈታኞችን ይበልጥ የሚያደናግረው የእጅ ፍሬኑ ነው። በኋላ ጎማዎች ዘንድ ፍሬኑን ለማስያዝ ዘወትር የሚገፋ ኃይለኛ ሞላ አለ፤ ወደ ኋላ ጨቁኖ የሚያቆየው አየሩ ነው። ስለዚህ «አየር ካለቀ ፍሬን የለም» ማለት ግማሽ እውነት ነው። የእግር ፍሬኑ ይጠፋል፤ ሞላው ግን ተለቅቆ በራሱ ይይዛል፤ አሽከርካሪው ባልመረጠው ቦታና ሰዓት። አየር ሲጎድል ፍሬን ይያዝ የሚለው ሐሳብ ቀድሞ የታየው በባቡር ነው፤ አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 እ.ኤ.አ. የባቡር አየር ፍሬንን የፈጠራ መብት አግኝቶ በ1872 ይህን ዘዴ ጨመረበት።

በአገራችን የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የሕዝብ፣ የደረቅ ጭነትና የፈሳሽ ጭነት ፈቃዶችን በየምድባቸው ይለያል፤ ሠልጣኙም በንድፈ ሐሳብና በተግባር ይፈተናል። ብዙ ወጣት ግን ጥያቄና መልሱን እንደ ንባብ ሸምድዶ ይገባል። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ንባብና ትርጓሜ አንድ አለመሆናቸውን አሳምሮ ያውቃል፤ እዚህም እንዲያው ነው።

በጭነት መኪና ሥራ የሚተዳደሩ በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩባት አሜሪካ የአየር ፍሬን ራሱን የቻለ የጽሑፍ ፈተና አለው፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች ከ25 ጥያቄ 20ውን መመለስ ያስፈልጋል። በተግባሩም ተፈታኙ እያንዳንዱን እርምጃ ምን እንደሚያደርግ እየተናገረ ያሳያል። ቅደም ተከተሉ ለእኛም ልጆች ይጠቅማል። ጎማው በታኮ ይያዝ። ሞተሩ ተነሥቶ ታንኩ እስኪሞላ ይጠበቅ፤ ከዚያ ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፣ ጆሮም ይከፈት። ተሳቢ በሌለው መኪና ገጁ በአንድ ደቂቃ ከ2 ፒ ኤስ አይ በላይ መውረድ የለበትም፤ ይህም 0.14 ባር ያህል ነው። ፔዳሉ ተረግጦ ሲቆይ የሚፈቀደው 3 ነው፤ ለባለ ተሳቢው ደግሞ በየፊናው አንድ ይጨመራል። ቀጥሎ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ፔዳሉ ይደጋገማል፤ ግፊቱ ከ60 ፒ ኤስ አይ፣ ማለትም ከ4 ባር ገደማ በታች ሳይወርድ የማስጠንቀቂያው መብራት ወይም ድምፅ መምጣት አለበት። መርገጡ ሲቀጥል በ45 እና በ20 ፒ ኤስ አይ መካከል የእጅ ፍሬኑ ቁልፍ በራሱ ይዘላል። ልኮቹ የአሜሪካ ስለሆኑ የእኛ ተፈታኝ የማሠልጠኛውን መጽሐፍና የመኪናውን መመሪያ ይከተል፤ የእርምጃዎቹ ምክንያት ግን የትም አንድ ነው።

ገጁ የማይነግረው ነገርም አለ። ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚያቀና መኪና ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ፍሬን ሳይለቀቅ ሲረገጥ ታምቡሩ ይግላል፤ ሲግል ይሰፋል፤ ሸራው ለመድረስ የሚሄደው ርቀት ይረዝማል። ገጁ ሙሉ አየር እያሳየ ፍሬኑ ይደክማል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ወደ ከባድ ማርሽ ቀይሮ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ የሚንሸራተት ሰው ይህን ረዳት በገዛ እጁ ጥሎታል። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ የሚመታውም ኮምፕሬሰሩ ከሚሞላው ይልቅ ፈጥኖ ታንኩን ያራቁታል። በየዕለቱ ከታንኩ ሥር ውኃ ማፍሰስም የረዳት ተራ ሥራ ይመስላል እንጂ ከፍሬኑ ይቆጠራል፤ ውኃው የአየሩን ቦታ ይይዛል፣ ቫልቩንም ያዝጋል።

አጥቢያ ምን ያድርግ ቢባል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በሳምንት አንድ ምሽት አዳራሹን መክፈት፣ ከምእመናኑ መካከል ያሉትን ነባር አሽከርካሪዎችና መካኒኮች ማስተማር እንዲጀምሩ መለመን፣ ከሶማሌ ተራ ያለቀ ሸራ፣ አሮጌ ቫልቭና ቧንቧ አምጥቶ በእጅ ማስዳሰስ ይበቃል። አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ የኋላ ጎማውን የሞላ ክፍል ማንም እንዳይፈታ። ሞላው ታምቆ የተዘጋ ስለሆነ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል፤ ለማስተማሪያ የሚሆነው ባለሙያ አስቀድሞ ያመከነው ብቻ ነው።

ለመስከረም 21 ወደ ግሸን የሚነሡ አጥቢያዎች በጣርማ በር በኩል ካለፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳሉ። ውል ከመፈረሙ በፊት ኮሚቴው ከላይ የተገለጸውን ሙከራ ሾፌሩ በፊቱ እንዲያሳይ ይጠይቅ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሞተሩ ጠፍቶ ገጁ እየወረደ ከሄደ፣ ወይም የማስጠንቀቂያው መብራት ተነቅሎ ከተገኘ፣ ሌላ አውቶቡስ ይፈለግ።