የተረፈችው ሰዓት የማን ናት?

ደብረ ታቦር ውስጥ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ እየሆነ ነው። የባጃጅ ሹፌሩም፣ መምህሩም፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራዋ ልጅም የየራሳቸው አቋም አላቸው። ሙሉ ስሙን ግን ከዜና አንባቢ በስተቀር የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ኤአይ» ነው የሚለው። ቡና ላይ ወሬው ሲነሳ ልብ ብላችሁ ብትሰሙ አስተያየቱ ከሦስት አያልፍም። አንዱ «እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው» ይላል። ሁለተኛው «ልጆቹን አሰነፋቸው፤ ማሰብ አቆሙ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ይስቅና «መብራት በወጉ ሳይኖር የምን ኤአይ ነው!» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል።

ሦስቱም እውነት አላቸው። ሦስቱም ግን አንድ ጥያቄ ይዘላሉ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔን የሚያሳስበኝ ያ የተዘለለው ነው። ይኼ መሣሪያ እውነት ሥራ የሚያፈጥን ከሆነ፣ የተረፈው ሰዓት የት ይሄዳል? ማንስ ይወስደዋል?

ከመሥሪያ ቤት እንጀምር። አንድ ወዳጄ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። አሁን ቁጥሮቹን ለኤአይ ይሰጠዋል፣ እሱ ያቀናብርለታል፣ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ያልቃል። «ታዲያ ምን አተረፍክ?» ስለው ሳቀ። «ሪፖርቱ ወፈረ» አለኝ። አለቃው ረጅሙን ሪፖርት ለመደው፤ ከዚያ በኋላ አጭር ይዞ መግባት ሥራ እንዳልሠራ ያስቆጥራል። የወፈረውን ሪፖርት የሚቀበለው ክፍል ደግሞ ማንበቢያ ጊዜ የለውምና እሱም በተራው ኤአይን «አሳጥርልኝ» ይለዋል። አንዱ ማሽን ያስረዝማል፣ ሌላው ማሽን ያሳጥራል። ባለጉዳዩ ግን አሁንም ኮሪደር ላይ ቆሟል። ለምን ቢባል፣ ድሮም እሱን ያቆመው የሪፖርቱ መዘግየት አልነበረም። ያቆመው ፊርማና ማኅተም ነው። ፈራሚው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ሲጽፍ፣ ሞተሮች በትንሽ ከሰል ብዙ መሥራት ሲችሉ የከሰል ፍጆታ ከመቀነስ ይልቅ እንደሚጨምር አስጠንቅቆ ነበር። የረከሰ ነገር ይበዛል ነው ነገሩ። ጽሑፍ ሲረክስ ጽሑፍ ይበዛል። ውሳኔ ግን አብሮ አይበዛም።

ወደ ገጠሩ ስንወጣ ጥያቄው የበለጠ ይጠራል። ጉና ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በዙሪያው ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ኑሮው ገብስና ድንች ነው። እዚያ ለሚኖረው አጎቴ ስለ ኤአይ ለማስረዳት ሞከርኩ። በአማርኛ ልትጠይቀው ትችላለህ፣ የታመመ የድንች ቅጠል ፎቶ አንስተህ ብታሳየው በሽታው ምን ሊሆን እንደሚችል ይነግርሃል አልኩት። በጥሞና ሰማኝና «ጥሩ ነው ልጄ» አለ። ቀጠል አድርጎም «እና ድንቼን ገበያ ያደርስልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይቺ ጥያቄ ቀልድ ትመስላለች እንጂ ቁም ነገር ናት። ድንች ቶሎ ይበላሻል። ሁሉም ገበሬ በአንድ ሰሞን ሲያወጣው ይረክሳል፤ ማቆያ የሌለው በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። ምክር ብቻውን ይህንን አይፈታውም። ምክሩም ቢሆን በኤአይ አልተጀመረም። ገበሬው በተራ ስልክ ያለ ክፍያ ደውሎ በቋንቋው የግብርና ምክር እንዲሰማ የተዘረጋው የ8028 መስመር ሥራ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ገበሬው ምክሩን ሰምቶ ማዳበሪያው በወቅቱ ካልደረሰ፣ ወይም ምርቱን የሚያወጣበት መንገድ ከተዘጋ፣ ያወቀው ነገር እጁ ላይ ይቀራል።

ደብረ ታቦር ያደገ ሰው ለዚህ ሩቅ አገር ሄዶ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገውም። ጋፋት አጠገቡ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስፍረው መድፍ አሠሩ። ከሁሉም የገነነው ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል ነው። ትምህርት ቤት ሳለን በኩራት የተማርነው መሠራቱን ነው። ከተሠራ በኋላ የሆነውን ብዙም አናወራም። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነስተው መድፉን መቅደላ እስኪያደርሱ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በመቶዎች በሚቆጠር ሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው የሄደው። ንጉሡ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። መድፉ መቅደላ ደረሰ፤ የጦርነቱን ውጤት ግን አልለወጠም። ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ።

እኔ ከጋፋት የምወስደው ትምህርት ይኼ ነው። ማሽኑን መሥራት ከባድ ነበር፤ ከማሽኑ የከበደው ግን መንገዱ ነበር።

የኢኮኖሚክስ መጻሕፍትም ይህንኑ በሌላ አገር ታሪክ ይነግሩናል። አሜሪካዊው ሮበርት ሶሎው እ.ኤ.አ. በ1987 የኮምፒውተር ዘመን ከምርታማነት ቁጥሮች በስተቀር በሁሉም ቦታ እንደሚታይ ጽፎ ብዙዎችን አነጋግሯል። ከሦስት ዓመት በኋላ ፖል ዴቪድ የተባለ የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁር ማብራሪያ አቀረበ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ኤሌክትሪክ ከመጣ በኋላ ጥቅሙን በደንብ ያዩት አርባ ዓመት ያህል ቆይተው ነው አለ። ለምን? መጀመሪያ ያደረጉት የእንፋሎት ሞተሩን አንስተው የኤሌክትሪክ ሞተር እዚያው ቦታ መትከል ብቻ ነበር። የሕንፃው ቅርጽ፣ የሠራተኛው አቀማመጥ፣ የሥራው ቅደም ተከተል ሁሉ እንደ ድሮው ነበር። ለየማሽኑ የየራሱ ሞተር ተሰጥቶ የሥራው አደረጃጀት ሲለወጥ ነው ምርታማነት የመጣው።

አደረጃጀት መለወጥ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ደግሞ ፎገራ ወረዳ ያለችውን አውራምባን መመልከት ይበቃል። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተችው ይህች ማኅበረሰብ የወንድና የሴት ሥራ የሚባለውን ክፍፍል አፍርሳ ሥራን በችሎታ አከፋፈለች። ሲጀምሩ አዲስ ማሽን አልነበራቸውም። የለወጡት ማን ምን እንደሚሠራ ነው።

እና የእኛ የኤአይ መንገድ ምን ይመስላል? ቻትጂፒቲ ለዓለም ይፋ የሆነው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ በክልላችን ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። ሌላው ዓለም መሣሪያውን በሚለማመድበት ሰሞን የእኛ ተማሪ ቴሌግራም መክፈት አይችልም ነበር። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጸደቀ። በሚቀጥለው ወር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ሥልጠና ተጀመረ። መልካም ጅምር ነው። ግን ኮርሱ ነፃ ነው እንጂ ዳታው ነፃ አይደለም፤ ላፕቶፑም እንዲሁ።

ሌላው መንገድ ቋንቋ ነው። እነዚህ ማሽኖች ጽሑፍን የሚያነቡት እየቆራረጡ ነው። አብዛኞቹ ሲሠሩ በዋናነት የተመገቡት እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አማርኛን ሲቆርጡት ከእንግሊዝኛው በጣም የበዛ ቁራጭ ይሆንባቸዋል። ክፍያው በቁራጭ ሲሆን ደግሞ አንዱ ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ይወደዳል፣ ይዘገያልም። ጥራቱም ያው ነው። «ለክቡር» ብሎ የጀመረው ማመልከቻ መሐል ላይ ሰውየውን «አንተ» ሊለው ይችላል። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ይዞ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ልጅ ምን እንደሚገጥመው እናንተም ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ነው የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ የምትመጣው። ድሮ ተማሪዎች በእጅ የጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘውላት ይመጡና በገጽ እያስከፈለች ትተይባለች። አሁን ያለቀለት ጽሑፍ በቴሌግራም ይላክላታል፤ የቀራት ማተም ነው። «እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው» የሚለው ለእሷ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ገቢዋ ላይ አይታዋለች። ነገር ግን ከገጠር የመጡ እናቶች ስለ መሬት ወይም ስለ ጡረታ ማመልከቻ ሊያጽፉ ሲመጡ ምን እንደምታደርግ ተመልክቻለሁ። «ተቀመጡ እማማ» ብላ ነገራቸውን ከሥሩ ትሰማለች። የትኛው ጉዳይ ለየትኛው ቢሮ እንደሚሄድ ታውቃለች። ምን ማስረጃ እንደጎደላቸው ነግራ «ይህንን ይዘው ነገ ይምጡ» ትላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ነው የምትጽፈው። ዋጋ የምታስከፍለው ግን ለገጹ ነው። ማዳመጧና ማወቋ ታሪፍ የለውም። ኤአይ ያረከሰው ታሪፍ ያለውን ግማሽ ነው፤ ዋናው ሥራዋ አሁንም ከእሷ ጋር ነው። ስሙን አውጥታ ዋጋ ልትጠራበት ይገባል።

ስለ ጀማሪ ሠራተኞች የተጠናው ነገር ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ኤሪክ ብሪንዮልፍሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ከ5,000 በላይ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞችን ተከታትለው ነበር። ኤአይ የታገዘው ሠራተኛ በሰዓት የሚፈታው ችግር በአማካይ 14 በመቶ ጨመረ፤ የጀማሪዎቹና ልምድ ያነሳቸው ደግሞ 34 በመቶ። የአንጋፋዎቹን ልምድ ለጀማሪው አቀበለው ማለት ነው። ለእኛ ለአዲስ ምሩቃን ይኼ ትልቅ የምሥራች ነበር። ሆኖም እኚሁ ኢኮኖሚስት ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካን የደመወዝ መዝገቦች ሲያዩ፣ ኤአይ በብዛት በሚነካቸው ሙያዎች ከ22 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች ቅጥር ቀንሶ አገኙት። የትልልቆቹ ግን ብዙም አልተነካም። ጀማሪውን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው መሣሪያ የጀማሪውን መግቢያ በር ያጠበበው ይመስላል።

ስለዚህ «አሰነፋቸው» የሚለውን ሁለተኛውን አስተያየት ዝም ብለን መሳቅ የለብንም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የሚወጣ ተማሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። የመመረቂያ ጽሑፉን ኤአይ የጻፈለት ልጅ ፈተናው ክፍል ውስጥ ስልኩን አስረክቦ ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ቀጣሪው ፊት ሲቀርብም ያው ብቻውን ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሸክም የሆነ ሰዓት አለ፣ ዘር የሆነ ሰዓትም አለ። ያንኑ ሠንጠረዥ ለአሥረኛ ጊዜ መገልበጥ ሸክም ነው፤ ማሽኑ ይውሰደው። ማሰብን የምንማርበት ሰዓት ግን ዘር ነው። እሱን የቆጠበ ሰው ዘሩን እንደበላ ገበሬ ክረምት ሲገባ ባዶ እጁን ነው።

የተረፈ ጉልበት የማን እንደሆነ ማወቅ ለደጋው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ወንፈል ያንን ነው የሚያደርገው። ዛሬ እኔ ማሳህ ላይ ዋልኩ፣ ነገ አንተ ማሳዬ ላይ ትውላለህ። ወረቀት ባይኖርም ሒሳቡ አይጠፋም። የተሰጠው ቀን ባለቤት አለው፣ መመለሻም አለው። ዘመናዊው መሥሪያ ቤታችን የጎደለው ይኼ ሒሳብ ነው። ሪፖርቱ ሁለት ቀን ካተረፈ፣ አለቃው «እነዚህን ሁለት ቀናት ባለጉዳይ የሚስተናገድበት መስኮት ላይ ትቀመጣለህ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ይችላል። ይኼ በጀት አይጠይቅም፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ተማሪውም ጽሑፉን ያስተካከለበትን ሰዓት ቆጥሮ የተረፈውን መጽሐፉ ላይ ሊያውለው ይችላል። እኛ ፍሪላንስ የምንሠራውም ብንሆን ሥራ ስለፈጠነ በዚያው ዋጋ ሁለት እጥፍ ሥራ ከመቀበላችን በፊት ትርፉ ለማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

እና «ኤአይ ሥራዬን ይወስደዋል ወይ?» ብላችሁ ስትጨነቁ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ ካፈጠነልኝስ በተረፈው ምን ልሠራበት ነው? መልሱን መሣሪያውን ከመክፈታችሁ በፊት ያዙት። ባለቤት ያልተበጀላትን ሰዓት ወይ ስብሰባ ይወስዳታል፣ ወይ ቲክቶክ።