ከማለዳ ፀሐይ እስከ አጎበር፦ የሕፃናት የእንቅልፍ ሥርዓት በቆቦና በራያ ቆላ

የሕፃን የእንቅልፍ ሥርዓት ሲነሣ ብዙ ወላጆች በመጀመሪያ የሚያስቡት የማታውን ትግል ነው፤ ልጁ በስንት ሰዓት ይተኛ፣ ሳይነቃ እንዴት ከእቅፍ ይውረድ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሲያለቅስስ ምን ይደረግ የሚለውን። እንቅልፍን የሚመራው የሰውነት አሠራር በቅርበት ሲታይ ግን የሌሊቱ ዕረፍት መሠረት የሚጣለው በማለዳው ብርሃን መሆኑ ይገለጣል። ከዞብል ተራሮች ግርጌ ተዘርግቶ ቆቦን፣ ሮቢትንና ጎብዬን የሚያቅፈው የራያ ሜዳ ይህን ለመረዳት የተመቸ አገር ነው፤ ብርሃኑ ዓመቱን ሙሉ የተረጋጋ፣ ሙቀቱ ብርቱ፣ የአራስ ወጉ የጠበቀ፣ ወባውም የሚያሰጋ በመሆኑ ልጅን በሰዓቱ ማስተኛት እዚያ ከምቾት ያለፈ የጤና ጉዳይ ነው።

በሰው አንጎል ሥር፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ ከፍ ብለው፣ እያንዳንዳቸው ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይተልቁ ሁለት የነርቭ ሕዋሳት ስብስቦች ይገኛሉ። እነዚህ ስብስቦች ከዓይን በሚደርሳቸው ብርሃን እየታረሙ የ24 ሰዓቱን ዑደት ስለሚቆጥሩ ሊቃውንት የሰውነት ሰዓት የሚል ስም ሰጥተዋቸዋል፤ ሲመሽ ሜላቶኒን የተባለው፣ ለሰውነት የሌሊቱን መግባት የሚያሳውቅ ሆርሞን እንዲመነጭ ያደርጋሉ፣ ሲነጋ ያስቆሙታል። ይህን ሰዓት በሕዋስ ውስጥ የሚያንቀሳቅሱትን ዘረ መሎች የመረመሩት ሦስት አሜሪካውያን፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። አዲስ ለተወለደ ሕፃን ግን ሰዓቱ ገና አልተቀናለትም። በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጅ በኩል የሚደርሰው ሜላቶኒን ቀንና ሌሊቱን ይነግረው ነበር፤ እትብቱ ሲቆረጥ ምልክቱ አብሮ ይቋረጣል፣ የራሱ ሜላቶኒን መልክ የሚይዘውም በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ገደማ ነው። ሆዱም ትንሽ ስለሆነች በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ መጥባት አለበት። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕፃኑን በሰዓት ለማስተኛት መታገል ሰውነቱ የማይችለውን መጠየቅ ነው፤ ወላጅ በዚያ ጊዜ ሊያደርግ የሚችለው ቀኑ ቀን፣ ሌሊቱም ሌሊት እንዲመስል ማገዝ ብቻ ነው።

የአራስ ቤት ወግ በዚህ ነጥብ ላይ ልብ ሊባል ይገባዋል። በኦርቶዶክስ ክርስትና ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡበት ሥርዓት፣ በሙስሊሙ ቤተሰብም አራሷ እስከ 40 ቀን የምትጠበቅበት ልማድ፣ የሕፃኑ የሰውነት ሰዓት መቀናት ከሚጀምርበት ጊዜ ጋር ይቀራረባል። መገጣጠሙ የአጋጣሚ ቢሆንም ለወላጅ ጥሩ መቁጠሪያ ነው፤ እስከዚያ ሥርዓት አይጠበቅም፣ ከዚያ ወዲያ ግን ቀስ በቀስ ማስያዝ ይቻላል። የወጉ ችግር ያለው በክፍሉ ብርሃን ላይ ነው። እናትና ልጅ ከምች፣ ከመጋኛና ከሰው ዓይን እንዲጠበቁ ሲባል ጓዳ ውስጥ ይከርማሉ፤ መስኮቱ ቀኑን ይዘጋል፣ በአንዳንድ ቤት ደግሞ ኩራዙ ወይም አምፖሉ ሲበራ ያድራል። እንዲህ ባለ ክፍል ያለ ሕፃን እኩለ ቀንም እኩለ ሌሊትም የሚያየው አንድ ዓይነት ደብዛዛ ብርሃን በመሆኑ ሰዓቱን የሚያቀናበት ምልክት ያጣል። መፍትሔው ወጉን ማፍረስ አይደለም። ገንፎው፣ ዕረፍቱና የዘመድ እንክብካቤው እንዳለ ሆኖ ጠዋት መስኮቱን ከፍቶ፣ ማታ መብራቱን አጥፍቶ፣ ሌሊት በሚጠባበት ጊዜም ጨዋታና ወሬ ሳያበዙ በድንግዝግዝ ማጥባት ይበቃል። የእናት ወተት ራሱ በዚህ ያግዛል፤ ሌሊት የሚጠባው ሜላቶኒን ሲኖረው በቀኑ ውስጥ ግን እምብዛም አይገኝም።

የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ከፀሐይ መውጣት የሚነሣ መሆኑ በዚህ ጉዳይ ትልቅ ጸጋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ቆቦ ፀሐይ በበጋም በክረምትም ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ እስከ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነትም አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። የሰሜን አውሮፓ ወላጅ በበጋ እኩለ ሌሊት ሊደርስ ሲል የማይጠልቅ ብርሃን በወፍራም መጋረጃ ሲከልል፣ የራያ እናት በሯን መክፈት ብቻ ይበቃታል። በጤና ባለሙያዎች ምክር ሕፃናትን ጠዋት ፀሐይ የማሞቅ ልማድም ሁለት ጥቅም አለው፤ ቆዳ በፀሐይ ኃይል ቫይታሚን ዲ ስለሚሠራ አጥንትን ከሚያልፈሰፍሰው የሪኬትስ በሽታ ይጠብቃል፣ በዓይን የሚገባው ብርሃንም የሰውነትን ሰዓት ያቀናል። በቆላ ግን ይህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ቢያልቅ ይመረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የራያ ፀሐይ ለሕፃን ቆዳ አይሆንም።

የእንቅልፉን መጠን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ያለው ከ12 እስከ 16፣ የ1 እና የ2 ዓመቱ ከ11 እስከ 14፣ የ3 እና የ4 ዓመቱ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት እንዳለበት፣ የመተኛና የመነሻ ሰዓቱም የተወሰነ ቢሆን እንደሚሻል ገልጿል።

ብዙ እናቶችን የሚያደክመው የሕፃን በእንቅልፍ ልብ መንቀሳቀስ በሳይንሱ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪ የተባለ ተማሪ በመምህሩ በናትናኤል ክላይትማን መሪነት የተኙ ሕፃናትን ዓይን ሲከታተል ቆይቶ፣ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ዓይን ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ዓይነት መኖሩን አስታወቁ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከእንቅልፉ ግማሽ ያህሉን የሚያሳልፈው በዚህ ዓይነቱ ነው፤ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ያቃስታል፣ እጁን ይወረውራል፣ ነገር ግን አልነቃም። ልጁ ነቃ ብላ ፈጥና የምታነሣው እናት ሳታውቀው ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰዋለች፤ ጥቂት ትንፋሽ ያህል ብትታገሥ ብዙ ጊዜ ራሱ ይረጋጋል። የሕፃን የእንቅልፍ ዑደት አንድ ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ በየዑደቱ መጨረሻ መባነኑ የተፈጥሮ ነው፤ በዚያ ቅጽበት ሲተኛ የነበረውን ሁኔታ ይፈልጋል። በአንቀልባ እየተወዘወዘ ያንቀላፋ ልጅ መወዝወዙን፣ ጡት እንደጎረሰ የተኛም ጡቱን ይሻል። ይህ ማለት አንቀልባ ይቅር ማለት አይደለም፤ የእናቱን ሙቀትና የልብ ትርታ የሚሰማበት የቀን እንቅልፍ ለሕፃኑ በጎ ነው። ለሌሊቱ ግን ከ3 እና ከ4 ወር ወዲያ ገላውን አጥቦ፣ አጥብቶ፣ እሹሩሩ ብሎ ዓይኑ ሊከደን ሲል ገና ሳይተኛ መደቡ ላይ ማውረድ ማለማመድ ይገባል። የእነዚህ ድርጊቶች ቅደም ተከተል በየማታው አለመለዋወጡ ከግድግዳ ሰዓት የበለጠ ለልጁ ይናገራል።

ቆቦ ባለችበት በወሎ ስለ እንቅልፍ ሲወራ ቡናን መዝለል አይቻልም። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎሉ እየተከማቸ የእንቅልፍ ጫና ይፈጥራል፤ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ይህ ንጥረ ነገር የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ጤናማ አዋቂ ከጠጣው ካፌይን ግማሹን በ5 ሰዓት ገደማ ሲያስወግድ፣ ጉበቱ ያልጠነከረ አዲስ ሕፃን ግን ለዚያው 3 ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ጥቂት ቢሆንም፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ከአቦል እስከ በረካ በሚጠጣበት ቤት ጥቂቱ በጥቂቱ ላይ ይደራረባል። የምታጠባ እናት ከጎረቤቶቿ ጋር የምትጨዋወትበትን ቡና ተዪ ማለት ጭካኔ ነው፤ ይልቅስ የጠዋቱን አጥብታ ወዲያው እንድትጠጣ፣ በማታው ከጀበናው አጠገብ ቁጭ ብላ ስኒውን እንድታልፍ መምከር ይሻላል። ለትንሽ ልጅ ቡና ማቅመስ ግን ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

በቆላው ምሽት ሁለት ነገሮች ከእንቅልፍ ጋር ይፎካከራሉ፤ ሙቀትና ትንኝ። የቆርቆሮ ክዳን ቀኑን ሲግል ውሎ ማታ ሙቀቱን ወደ ቤት ይመልሳል፣ ሰውነት ደግሞ እንቅልፍ እንዲወስደው ሙቀቱ ትንሽ መውረድ አለበት። ለላስታና ለመቄት ደጋ ብርድ ትክክል የሆነው በብዙ ልብስ መጠቅለል ለቆቦ ሐሩር ልክ አይሆንም፤ የሕፃኑ ማጅራት በእጅ ተዳሶ ካላበው ልብሱ በዝቷል ማለት ነው። ጋቢ ፊቱ ላይ አይጣል፣ ሲተኛም በጀርባው ይሁን፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ድንገተኛ የሕፃናት የእንቅልፍ ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል።

ወባን በኢትዮጵያ በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌሊስ አረቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ መናከስ የምትጀምረው ከመሸ ጀምሮ፣ ቤተሰቡ ገና ደጅ ተቀምጦ ሲጨዋወት ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አጎበር ውስጥ ቢገባ እንቅልፉም ጤናውም በአንድ እርምጃ ይጠበቃሉ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ይህች አንዲት ሰዓት ውድ ናት። አጎበሩ በአራት ማዕዘኑ ከማገሩ ላይ ታስሮ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ከሰሌኑ ወይም ከፍራሹ ሥር መወተፍ አለበት፤ ልጁም መሐል ላይ ይተኛ፣ ክንዱ መረቡን ተደግፎ ካደረ ትንኟ ከውጭ ሆና በቀዳዳው ትወጋዋለችና። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች በየቤቱ ስለ አጎበር ሲያስተምሩ የልጁን የመተኛ ሰዓት አብረው ቢያነሡ ምክሩ ይበልጥ ይጸና ነበር።

ስልክና ቴሌቪዥንም ከምሽቱ ሰዓት መራቅ አለባቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ምስል ማሳየትን ጨርሶ አይመክርም።

ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በቆቦና በዙሪያው የተካሄደውን ጦርነት ሳይጠቅሱ ስለ አካባቢው ልጆች ሌሊት መጻፍ አይቻልም። ያን ጊዜ በእቅፍ የነበሩት ዛሬ ለትምህርት የደረሱ ናቸው። ከእንዲህ ዓይነት ፍርሃት የወጣ ልጅ ሌሊት እየባነነ ቢጮህ፣ ወይም ትቶት የነበረው መኝታ ላይ መሽናት ቢመለስበት ጥፋት አይደለም፣ ሊመታም ሊታፈርበትም አይገባም። የሚረዳው በየማታው ያው ሰው፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ማስተኛቱ ነው፤ የማይለዋወጥ ምሽት ነገ ምን እንደሚሆን ለማያውቅ ልጅ አንድ የሚተማመንበት ነገር ይሰጠዋል።

ከሁሉ የምትዘነጋው ግን ሕፃኑን የምታዝለው ታላቅ እኅት ናት። ማሽላው ወፍ ሲጠበቅለትና ሲታጨድ እናት ማሳ ትውላለች፣ ቤትና ሕፃን ለልጅቱ ይቀራሉ፤ ሕፃኑ ሲነጫነጭ የምታመሸውም እርሷ ናት። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳወቀው ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ውኃ ለመቅዳት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል የምትነሣ የ8 ዓመት ልጅ ዝቅተኛውን 9 ሰዓት ለማግኘት እንኳ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተኝታ መገኘት አለባት። ወንድሟ በ1 ሰዓት አጎበሩ ውስጥ ከገባ፣ ራቷን በልታ፣ እግሯን ታጥባ፣ ደብተሯን ከፍታ የምታይበት አንድ ሰዓት ተኩል ይተርፋታል።