አውሮፕላን ምን ያህል ቀስ ብሎ መብረር ይችላል?

አንድ የሂሳብ ጥያቄ ልስጣችሁ። ሁለት ሰው የሚጭን አውሮፕላን ልትነድፉ ነው እንበል። አውሮፕላኑ፣ ሰዎቹ፣ ነዳጁና ሻንጣው ተደምረው ከ600 ኪሎ ማለፍ የለባቸውም። ሁለቱ ሰዎች 160 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 70 ሊትር ቤንዚን ደግሞ 50 ኪሎ ገደማ ቢሆን፣ ለክንፉ፣ ለሞተሩ፣ ለጎማው፣ ለሻንጣው፣ በቃ ለሌላው ሁሉ የቀራችሁ 390 ኪሎ ነው።

ይህን ፈተና ያመጣው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 «ቀላል ስፖርት አውሮፕላን» የሚባል ምድብ ሲፈጥር ገደቦች አስቀመጠ፦ ቢበዛ ሁለት ወንበር፣ አንድ ሞተር፣ ከመሬት ለሚነሳ 600 ኪሎ፣ ከውሃ ለሚነሳ 650 ኪሎ ገደማ። ሌላም ገደብ ነበረ፤ የስቶል ፍጥነቱ በሰዓት ከ83 ኪሎ ሜትር (45 ኖት) መብለጥ አልነበረበትም።

ስቶል ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ሞተር ጠፋ» ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሳው አየሩ ገጹን ተከትሎ ሲፈስ ነው። ፓይለቱ ፍጥነት እየቀነሰ ከፍታውን ላለማጣት አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ፣ ክንፉ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን ይጨምራል። ማዕዘኑ ከልክ ሲያልፍ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና ይበጠበጣል፤ የማንሳት ኃይሉም ይወርዳል። ሞተሩ ግን እየሠራ ነው!

ይህ ከክብደት ጋር ምን አገናኘው? ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የማንሳት ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ለመብረር ሰፊ ክንፍ ያስፈልጋል፤ 600 ኪሎ በሰዓት በ83 ኪሎ ሜትር ለመሸከም በተለመደ ክንፍ 12 ካሬ ሜትር ገደማ። ክብደት ጨመራችሁ? ክንፉ ይሰፋል። የሰፋ ክንፍ ራሱ ይከብዳል፤ የሚይዘው አካልም መጠንከር አለበት፤ እንደገና ክብደት! መሐንዲሶች ለአንድ ኪሎ የሚጨቃጨቁት፣ ካርቦን ፋይበር የሚመርጡትም ለዚህ ነው።

አሁን አንድ እውነተኛ አውሮፕላን እንይ። አይከን ኤ5 ከውሃም ከመሬትም የሚነሳ የአሜሪካ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ የበረረው በ2008 ነው። መሐንዲሶቹን ያስጨነቃቸው ስቶል ብቻ ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣው ስፒን ነበር። አንዱ ክንፍ ከሌላው ይበልጥ ስቶል ሲያደርግ፣ አውሮፕላኑ በዚያ ጎን ወድቆ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ይወርዳል። መሬት ቅርብ ከሆነ ለማስተካከል ጊዜ የለም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ሐሳብ ናሳ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ አጥንቶ ነበር። የክንፉ የውጭኛው ክፍል የፊት ጠርዝ ከውስጠኛው ትንሽ ወደ ታች ይደፋል። ከአውሮፕላኑ አካል አጠገብ ያለው ክፍል ቀድሞ ስቶል ሲያደርግ፣ ጫፉ ገና እየበረረ ነው። አውሮፕላኑን ወደ ግራና ቀኝ የሚያጋድሉት ኤይለሮኖች ያሉት ደግሞ ወደ ጫፉ ነው። ስለዚህ ፓይለቱ አሁንም መቆጣጠር ይችላል። ኤ5 የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ግን ደህንነትም ሚዛን ላይ ይወጣል። ኩባንያው በ650 ኪሎ ውስጥ መጨረስ ስላቃተው ልዩ ፈቃድ ጠየቀ። አስተዳደሩም በ2013፣ ስፒንን መቋቋሙን ከግምት አስገብቶ፣ እስከ 762 ኪሎ ፈቀደለት። ለገበያ የወጣው በ685 ኪሎ ነው።

ይሁንና ክንፍ ሁሉን አያድንም። በ2017 ሁለት ኤ5 አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ሲበሩ ተከስክሰው ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ጥሩ ዲዛይን የስህተትን ዋጋ ይቀንስ ይሆናል እንጂ የፓይለቱን ውሳኔ አይተካም።

አስተዳደሩ በ2025 ባወጣው አዲስ ደንብ የክብደት ገደቡን ጭራሽ አነሳው። የስቶል ፍጥነት ገደቡ ግን ከፍ ተደረገ እንጂ አልተነሳም። ለምን? ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ቀስ ብሎ የሚያርፍ አውሮፕላን አጭር ሜዳ ይበቃዋል፤ ቢሳሳትም ተሳፋሪው የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል። 600 ኪሎውም ሲጠብቀው የነበረው ይህንኑ ነው።